መቶ ዲምሰም በስንት ሰው?

የምግብ አሠራር መመሪያን ወደ አማርኛ ለመተርጎም የተቀመጠ ሰው ገና በመጀመሪያው መስመር ያልጠበቀው ጥያቄ ይገጥመዋል። እንበልና መመሪያው በቤት ውስጥ መቶ ያህል ዲምሰም ለማዘጋጀት የተጻፈ ነው። ሊጡ እንዲቦካ፣ እንዲዳመጥ፣ በክብ በክብ እንዲቆረጥ፣ ውስጡ እንዲሞላ፣ እንዲጠቀለልና በእንፋሎት እንዲበስል ያዛል። እንግሊዝኛው የሚያዘው ማንን እንደሆነ አይናገርም። ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ታናሽ ይሁን ታላቅ ከግሡ አይታወቅም። ቻይንኛው ደግሞ ግሥ አይረባም። አማርኛ ግን በዚህ ዝም ብሎ አያልፍም። «ጠቅልል» ካልን ወንድ ነው፤ «ጠቅልዪ» ካልን ሴት ናት፤ «ጠቅልሉ» ካልን ብዙ ናቸው፤ «ይጠቅልሉ» ካልን የምናከብረው ሰው ነው። ተርጓሚው አንድ ቃል ከመጻፉ በፊት ወጥ ቤት ውስጥ የቆመው ማን እንደሆነ መወሰን አለበት።

በአማርኛ የሚጻፉ የምግብ አሠራር መመሪያዎች ይህን ውሳኔ የሚያመልጡበት የታወቀ መንገድ አላቸው። «ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ዘይት ይጨመርበታል፤ በርበሬው ይቁላላል» ይላሉ። ሽንኩርቱ በማን ይከተፋል? በርበሬውን የሚያቁላላው ማን ነው? ዓረፍተ ነገሩ አይልም። ሰዋስዋችን ግሡ የሚናገርለትን ስም «ባለቤት» ይለዋል። በእነዚህ መመሪያዎች ውስጥ ባለቤቱ ሽንኩርቱ ነው። ስትከትፈው ዓይኗ የሚያነባው ሴት ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ቆማለች። «ባለቤት» ሚስትንም ባልንም የምንጠራበት ቃል መሆኑን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ የቤቱ ባለቤት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሳትሆን ቀርታለች።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለ ምግብ የተጻፉና የተቀረጹ ሥራዎችን፣ በተለይም በብዛት ስለሚሠራ ምግብ የሚናገሩትን፣ ለመመዘን የሚያገለግል መለኪያ ነው። የስደት ሥነ ጽሑፍ ሐያስያን በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ድስት ባዩ ቁጥር «ናፍቆት»፣ «ትዝታ»፣ «ማንነት» የሚሉትን ቃላት ማውጣት ለምደዋል። ጣዕሙ ምን እንዳስታወሰ ይጠይቃሉ። ብዛቱን ግን አይቆጥሩም። አንድ ሰው በልቶ የማይጨርሰው መቶ ጥቅል ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ከጣዕሙ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ስንት እጅ ነበረበት? የማን እጅ?

ዲምሰም የአንድ ምግብ ስም አይደለም። በደቡብ ቻይና፣ በተለይ በጓንግጆና በሆንግ ኮንግ ሻይ ቤቶች፣ ከሻይ ጋር የሚቀርቡ የብዙ ትንንሽ ምግቦች የወል መጠሪያ ነው። ቃሉ ሲፈታ «ልብን መንካት» እንደ ማለት ሲሆን፣ ዲምሰም ለመብላት መውጣት ራሱ በካንቶንኛ «ሻይ መጠጣት» ይባላል። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሊጥ የተጠቀለለው የሽሪምፕ ሃር ጋው፣ አናቱ ክፍት የሆነው ሲው ማይ፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በውስጡ የያዘው ለስላሳ ዳቦ ቻር ሲው ባው፣ ሁሉም በክብ የቀርከሃ ማብሰያ በእንፋሎት በስለው ሦስት አራት እየሆኑ ይቀርባሉ። የአዲስ አበባ አንባቢ የሰፈሩን ሻይ ቤት ቢያስብ አልተሳሳተም። ሳምቡሳና ፓስቲም ከብርጭቆ ሻይ ጎን የሚኖሩ፣ ምሳም እራትም ሳይሆኑ ሰውን አስቀምጠው የሚያጫውቱ ምግቦች ናቸው።

በሰሜን ቻይና ጂያውዝ የሚባለውን ጥቅል በዘመን መለወጫ ዋዜማ ቤተሰቡ በቤቱ ተሰብስቦ ይሠራዋል። ዲምሰም ግን በአመዛኙ የሻይ ቤት ምግብ ሆኖ ኖሯል፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ሥራ ነው። በሻይ ቤቱ ጓዳ አንዱ ሊጥ ይዳምጣል፣ ሌላው ውስጡን ያዘጋጃል፣ ሌላው ይጠቀልላል፣ ሌላው እንፋሎቱን ይጠብቃል። የሃር ጋው ሊጥ በፈላ ውኃ የሚለወስ የስንዴ ስታርች ነው፤ ሙቀቱ ሳይለቀው ካልተሠራ ይሰነጣጠቃል። የተዳመጠው ቅጠል እርጥብ ጨርቅ ካልተጣለበት ይደርቃል፤ የተሞላው ካልተጣደ ውስጡ ውኃ እያወጣ ሊጡን ያረጥበዋል። ሊጥ ሰው አይጠብቅም። አንዱን ለመሙላትና ለመጠቅለል አንድ ደቂቃ ብቻ ይበቃል ቢባል እንኳ መቶው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይወስዳል፤ ማቡካቱ፣ መዳመጡና መክተፉ ሳይቆጠር። አራት ሰው ከተቀመጠ ያው ሥራ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል የሚናገረው ይህንኑ ሒሳብ ነው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ መቶ ዲምሰም ለመሥራት የሚነሣ ሰው የአንድ ሻይ ቤት ጓዳ ሙሉ ሠራተኛ የሚከፋፈለውን ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያመጣል። መመሪያው ደግሞ ይህን ሥራ በነጠላ ቁጥር ያዛል። መፍትሔው ፍሪዘር ነው። ጥቅሎቹ ሳይነካኩ በትሪ ተደርድረው ይቀዘቅዛሉ፤ ከጠጠሩ በኋላ በላስቲክ ከረጢት ይሰበሰባሉ፤ በተፈለጉ ጊዜ በረዶአቸው ሳይቀልጥ በቀጥታ እንፋሎት ላይ ይወጣሉ። ብዙ እጆች በአንድ ሰዓት የሚሠሩትን አንድ ሰው በአንድ እሑድ ሠርቶ በወሩ ላይ ያከፋፍለዋል ማለት ነው።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ይህን ጥያቄ ለማንሣት የምትመች ከተማ ናት። በአሜሪካ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ ትልቁ እንደሆነ የሚነገርለት የሶማሌ ማኅበረሰብ የሚኖረው እዚህ ነው። ከቡታን ተሰደው የመጡ ኔፓልኛ ተናጋሪዎችም በአሜሪካ ካሏቸው ትልልቅ ሰፈሮች አንዱ ይኸው ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከቻይና የሚመጡ ተማሪዎችን ሲቀበል የኖረ ሲሆን፣ በቤተል ሮድ መስመር የእስያ ምግብ ቤቶችና መደብሮች ተደርድረዋል። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ምግብ ቤቶቻቸውን፣ መደብሮቻቸውንና አብያተ ክርስቲያኖቻቸውን ተክለዋል። በሞርስ ሮድ ላይ ሳራጋ በተባለው ትልቅ የዓለም አቀፍ ምግቦች መደብር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቦታ የተጀመረ «ሞሞ ጋር» የሚባል የሞሞ መሸጫ በኋላ ኖርዝ ማርኬት ድረስ ዘልቋል፤ ኖርዝ ማርኬት ከ1876 ጀምሮ የኖረው የመሀል ከተማው የሕዝብ ገበያ ነው። ሞሞ የቲቤትና የኔፓል ሰዎች በእንፋሎት የሚያበስሉት ጥቅል ነው። «ጋር» በኔፓልኛ ቤት ማለት ነው፤ አማርኛ አንባቢ ግን ሞሞ የሚበላው ከሰው ጋር ነው የተባለ ይመስለዋል፣ ብዙም አልራቀም።

በአንድ ከተማ ውስጥ ሶማሌዋ ለረመዳን ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፤ ኔፓሊው ሞሞ፣ ቻይናዊቷ ጂያውዝ፣ ኢትዮጵያዊቷም ለጾም የምስር ሳምቡሳ። የእነዚህ ጥቅሎች የዘር ሐረግ አንድ አይደለም። ሳምቡሳ ከፋርስና ከዓረብ በኩል የመጣ ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የተጠናቀረው የአል ወራቅ የምግብ መጽሐፍ «ሰንቡሰጅ» እያለ ይጠቅሰዋል። በምዕራብ ቻይና በቱርፋን አካባቢ ደግሞ ከታንግ ዘመን መቃብሮች የደረቁ የሊጥ ጥቅሎች ተገኝተዋል። የሚያዛምዳቸው ሌላ ነገር ነው፦ ሁሉም አንድ በአንድ በእጅ የሚዘጉ ናቸው። ወጥ ለአምስት ሰውም ለሃምሳ ሰውም አንዴ ይጣዳል፤ ድስቱ ይተልቃል እንጂ ሥራው በሰው ቁጥር ልክ አይባዛም። ጥቅል ግን በቁጥር ልክ ይባዛል። ለዚህ ነው በብዛት የሚሠራ ጥቅል፣ በጽሑፍም በፊልምም፣ የሰው ብዛትና የሰው እጦት ወዲያው የሚታይበት።

የአንግ ሊን «ኢት ድሪንክ ማን ዉማን» የተባለ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን፣ እንውሰድ። ታይፔ ውስጥ የሚኖረው አዛውንቱ የምግብ ባለሙያ ቹ በየእሑዱ ለሦስት ሴት ልጆቹ ግብዣ ያዘጋጃል። ፊልሙ የሚከፈተው በእጆቹ ነው፤ ዓሣው ይገፈፋል፣ ሥጋው ይከተፋል፣ ትንንሾቹ ጥቅሎች በጣት ጫፍ እየተሸበሸቡ ይዘጋሉ። ተመልካቾች ይህን መክፈቻ ያስታውሱታል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ የምግብ ፊልሞች ተከትለውታል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ግን በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። ለትልቅ ቤተሰብ የሚበቃውን ምግብ የሚሠራው አንድ ወንድ ነው፤ የሚቀርብላቸውም ለመብላት ሳይሆን ከቤት ስለ መውጣት ለመናገር የሚቀመጡ ሦስት ሴቶች ናቸው። የምግብ ተሰጥኦ ያላትን መካከለኛ ልጁን ከወጥ ቤት ያራቃት ራሱ አባቷ ነው። ብዛቱ ያለው እጁን የሚያበድር ሰው በሌለበት ቤት ነው፤ ለዚህም ግብዣው ሸክም ይሆናል። የቹ ምላስ ጣዕም መለየት ማቆሙ ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው «ጨው በቅቶታል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም። በመጨረሻ ልጁ ሾርባ ሠርታ ስታቀርብለት ጣዕሙ ይመለሳል። ማንኪያው ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል፤ ግሡ ከ«ጠቅልል» ወደ «ጠቅልዪ» ተሻግሯል። ነጠላ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ፊልሙ ያማረ ነው፤ የሚያስታርቀን ግን ከአንድ ብቸኛ ባለሙያ ወደ ሌላ ብቸኛ ባለሙያ በመውሰድ ነው።

ዌይን ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ፊልም ርእሱ ራሱ «ዲምሰም» ነው፤ ንኡስ ርእሱም የቃሉን ፍቺ ተከትሎ «ጥቂት ልብ» ይላል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት ቻይናዊት እናት በ62 ዓመቷ እንደምትሞት ጠንቋይ ነግሯታል፤ ከዚያ በፊት ልጇ ተድራ ማየት ትፈልጋለች። ልጇ ደግሞ እናቷን ብቻዋን ትታ መውጣት አልሆነላትም። የእናትና የልጅ ገጸ ባሕርያቱን የሚጫወቱት እውነተኛ እናትና ልጅ ናቸው። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ደጋግሞ የሚያሳርፈው ሰው በሌለባቸው ክፍሎች ላይ ነው። በምግብ ስም የተጠራ ፊልም ይህን ያህል ባዶ ክፍል ማሳየቱ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። የግሡን ባለቤት ለሚፈልግ ተመልካች ግን ግልጽ ነው፤ የፊልሙ ጭንቀት በዚያ ቤት ስንት ሰው ይቀራል የሚል ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ጥቂት ጥቅል ይሠራል፤ አንድ ሰው ከቀረ ምናልባትም ጨርሶ አይሠራም። ከሦስቱ ፊልሞች ስለ ብዛት በጥልቀት ያሰበው የሚበላ ነገር በብዛት ለማሳየት ያልቸኮለው ይህ ነው።

ሦስተኛው ስምንት ደቂቃ የማይሞላው የፒክሳር «ባው» ነው። ዶሚ ሺ እ.ኤ.አ. በ2018 ሠርታው በማግስቱ ዓመት ኦስካር አግኝታበታለች። ቶሮንቶ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት እናት ቁርስ ትጠቀልላለች፤ ባሏ በልቶ ወደ ሥራው ይሮጣል። ከቀሩት ጥቅሎች አንዱ ነፍስ ዘርቶ ያለቅሳል፤ እንደ ልጅ ታሳድገዋለች፤ አድጎ እጮኛውን ይዞ ሊሄድ ሲል ትውጠዋለች። ከዚያ እውነተኛው ልጇ ይመጣል። በመዝጊያው ላይ ጠረጴዛው ዙሪያ ተሰብስበው ይጠቀልላሉ፤ ልጁ ጥቅሉን ያበላሻል፣ ቻይናዊት ያልሆነችው እጮኛው ግን አሳምራ ትዘጋዋለች። ፊልሙ አንድም ቃል ሳይናገር ከ«ጠቅልዪ» ተነሥቶ «ጠቅልሉ» ላይ ይደርሳል። ዝምድና የሚቆጠረው በደም ነው ወይስ አብሮ በመጠቅለል ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣል። አዘጋጆቹ የዶሚ ሺን እናት ለሠሪዎቹ አጠቃለል እንድታሳይ ጠርተዋት፣ ስሟ በፊልሙ መጨረሻ በባህል አማካሪነት ሰፍሯል። የእናት እጅ በስሙ ሲጠራ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ይህ ሊመሰገን ይገባል። እኛ «ሙያ» የሚለውን ቃል ለሐኪሙም ለአናጢውም ወጥ አሳምራ ለምትሠራውም እንጠቀምበታለን። ቋንቋችን ያከበራትን ባለሙያ ግን መጻሕፍታችን እምብዛም በስም አይጠሯትም።

ወደ ራሳችን ድግስ ስንመለስ ጥሩ መነሻ የሚሆነው መጽሐፍ የታተመው ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና በምትርቀው በኦሃዮዋ አቴንስ ነው። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ የጻፉት «ስተሪንግ ዘ ፖት» እ.ኤ.አ. በ2009 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ወጥቷል። ከምዕራፎቹ አንዱ ጣይቱ ብጡል፣ ገና እቴጌ ሳይባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ የደገሱትን ታላቅ ድግስ ይመረምራል። የማካን ክርክር ጠንካራ ነው። የልዩ ልዩ አገሩ እህል፣ ቅመም፣ ከብትና ማር በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰብ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው ነገር በፖለቲካ እጅ ቅርጽ ያዘ ይላሉ። የመጽሐፉ ትልቁ ውለታ ምግብ ማብሰልን በአብዛኛው በሴቶች የተያዘ፣ በቃልና በእጅ የሚተላለፍ ዕውቀት አድርጎ መቁጠሩ ነው። የቤተ መንግሥት ግብር እስከዚያ ድረስ ይነበብ የነበረው ከሚበሉት ወገን ነበር፤ ማን በየት በኩል ተቀመጠ፣ ለማን ምን ብልት ደረሰው እየተባለ። ማካን ድግሱን በደጋሿ ዓይን አንብበውታል።

ሆኖም «ደገሰ» የሚለው ግሥ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «ጣይቱ ደገሱ» ስንል ያቡካችው፣ የጋገረችው፣ ጠጁን የጣለችው፣ ውኃ የቀዳችውና እንጨት የተሸከመው ሁሉ በአንድ ስም ሥር ይገባሉ። «ግብር አበላ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አብይው ይታወቃል፣ የሠራችው አትታወቅም። ማካን ስለ ዕውቀቱ በሚገባ ጽፈዋል፤ ዕውቀቱን በእጃቸው የያዙት ሴቶች ግን እንደ ሕዝብ እንጂ እንደ ሰው አይታዩም። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የማጀት ሠራተኛ ስም መመዝገብ ሥራቸው አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊ ከሰነድ ውጭ መሄድ አይችልም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ይችላል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ለልብ ወለዳችን ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድ በአመዛኙ የእልፍኝና የአዳራሽ ልብ ወለድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ትእዛዝ የሚሰጥበትና ክርክር የሚካሄድበት ክፍል ነው፤ ከዚያ ቤት ጀርባ እሳት አጠገብ የዋለችውን ሴት በስሟ የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። በስደት የተጻፈው ሥራ ደግሞ አዳራሹንም ማጀቱንም አጥቷል። በዲናው መንግሥቱ የ2007 (እ.ኤ.አ.) ልብ ወለድ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ውስጥ ስቴፋኖስ ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። ከኬንያና ከኮንጎ የመጡ ሁለት ጓደኞቹ ይመጡበታል፤ የአፍሪካ መፈንቅለ መንግሥቶችን ከነዓመታቸው እየጠሩ ይጫወታሉ። ሦስት ወንዶች የአህጉሪቱን አምባገነኖች ሁሉ መቁጠር ይችላሉ፤ ግን ሦስቱም ባሉበት የሚጠቀለል፣ የሚቡካ፣ የሚከተፍ ነገር የለም። የመደርደሪያው ዕቃ ሁሉ ታሽጎ የመጣ ነው። ሐያስያን በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ብቸኝነትን በትክክል አይተዋል። የብቸኝነቱ አንዱ መልክ ማጀት ማጣት እንደሆነ ግን ብዙም አልተባለም። ከእርሱ ጎን የኤሚ ታንን የ1989 «ዘ ጆይ ላክ ክለብ» ማስቀመጥ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሴቶቹ ለማጆንግ ጨዋታ ሲሰበሰቡ አንዷ አክስት ዋንታን ትጠቀልላለች፤ እጇ እንዴት እንደሚሄድ በዝርዝር ተጽፏል። ገና እናቷን የቀበረችው ወጣት የምትገባበት ክበብ ይህ ነው። እጁ በመጻፉ ልጅቱ ከማን ጎን እንደምትቀመጥ እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚነሣውም በትክክል ነው። አብሮ መሥራትን ማመስገን ቀላል ነው፣ በተለይ ሽንኩርት ከትፎ ለማያውቅ። በሠርግና በልቅሶ፣ በእድሩ ትልልቅ ድስቶች ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሴቶች ሁሉ በፈቃዳቸው የመጡ አይደሉም። ያልመጣች ትታማለች፤ የእርሷ ቀን ሲደርስም ሰው ይጎድልባታል። በማጀቱም ውስጥ ማዕረግ አለ። ዶሮ ወጡን የምታማስለው አንጋፋዋ ባለሙያ ናት፤ ሽንኩርቱ ለምራት፣ ዕቃ ማጠቡ ለልጃገረድ ነው። ብዙ የከተማ ቤት ውስጥ ደግሞ «ጠቅልዪ» የሚባለው ለደመወዝተኛዋ ሠራተኛ ነው፤ እንግዶች እጅሽ ይባረክ የሚሉት ለእመቤቲቱ። «ጠቅልሉ» የሚለው የብዙ ቁጥር ትእዛዝም ታዲያ የሚደብቀው አለው፤ ከብዙዎቹ መካከል ማን ይበልጥ እንደሠራች አይናገርም።

ስለዚህ ፍሪዘሩን እንደ ባህል ጠላት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሆስፒታል፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ወይም በመጋዘን በፈረቃ የምትሠራ ሴት ጎረቤቶቿን ረቡዕ ማታ መሰብሰብ አትችልም፤ እነርሱም ፈረቃ ላይ ናቸው። እሑድ ብቻዋን መቶ ሳምቡሳ ጠቅልላ በከረጢት ከረጢት ብታስቀምጥ የማንንም ጉልበት አልበዘበዘችም፤ የራሷን የወር ጊዜ አስተካከለች። ለዚህች ሴት የተጻፈ በነጠላ ቁጥር የሚያዝ መመሪያ እውነቱን ነው የሚናገረው። ስለ እርሷ የሚጻፍ ልብ ወለድም ማጀቷን በሰው ሞልቶ ማሳየት የለበትም። ሐሰት የሚሆነው የአንዲቱን ሴት እሑድ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ «ባህላችን አልጠፋም» ብሎ በብዙ ቁጥር ማመስገን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከእርሷ በኋላ ነው። እንደ ኮሎምበስ ባሉ ከተሞች ከአገር ቤት ሙያ ይዘው የመጡት እናቶች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ስልክ ይዘው ይቀርጿቸዋል፣ ማስታወሻ ይጽፋሉ። ይህ ቅርጸት ወደፊት የእኛ የማጀት ሰነድ ይሆናል። የሚጠየቀው ግን ስንት ኩባያ ዱቄት፣ ስንት ማንኪያ ዘይት፣ ስንት ደቂቃ የሚለው ነው። እናቲቱ «በዓይንሽ መጥኚው» ብላ ስትመልስ እንደ ጉድለት ይቆጠርባታል። መጠኑ ሲገኝ ሰነዱ የተሟላ ይመስላል። ሊጡን ማን ያዝላት እንደነበር፣ ማን እየዳመጠች ማን ስትሞላ እንደነበር፣ የተጠቀለለውን ማን ቆጥሮ ለየትኛው ቤት እንደሚልክ አይጠየቅም። አገር ቤት መቶ ሳምቡሳ አንድ ቤት ውስጥ ተሠርቶ በአንድ ቤት አይበላም ነበር፤ የተወሰነው በሳህን ተሸፍኖ ለጎረቤት ይሄዳል፣ ሳህኑም ባዶውን አይመለስም። ይህ ሁሉ ከተጣለ ልጅቱ የእናቷን ሳምቡሳ ሳትስት ትሠራው ይሆናል፤ ለምን መቶ እንደሆነ ግን አታውቅም። ለአራት ሰው የሚበቃውን ሃያ ትሠራና ይበቃታል።

በምዕራቡ ዓለም የሚታተም የምግብ አሠራር መመሪያ ከርእሱ ሥር አንድ መስመር አለው፦ ለስንት ሰው እንደሚበቃ። ጥሩ መስመር ነው፤ አንባቢውን ከብክነትም ከማነስም ይጠብቀዋል። በአማርኛ ስንጽፍና ስንተረጉም ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ብንጨምር ቋንቋችን አንዲት ፊደል በመቀየር ይፈቅድልናል። «ለስንት ሰው?» ከሚለው ሥር «በስንት ሰው?» ተብሎ ይጻፍ። ለመቶ ዲምሰም መልሱ አራት ከሆነ አራት ይባል፤ አንዲት ሴትና አንድ ፍሪዘር ከሆነም እንዲሁ ይጻፍ። ተርጓሚውም የመጀመሪያውን ግሥ በየትኛው መልክ እንደሚያስቀምጠው ከዚያ መስመር ያገኛል።